ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በሲቪሎች እጅ

ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የሚባለው ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስና ቀጣዩን ራሱ የሚያቀባብል መሣሪያ ሲሆን፣ ቃታው እስኪለቀቅ ያለማቋረጥ ከሚተኩሰው ሙሉ አውቶማቲክ የሚለየውም በዚሁ ነው። በአሜሪካ የባለቤትነቱ ደጋፊዎች መሣሪያው ለአደንና ራስን ለመከላከል እንደሚያገለግል፣ የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያም መብቱን እንደሚያረጋግጥ ሲከራከሩ፣ ተቃዋሚዎች ብዙ ጥይት በሚይዝ ካዝና አንድ ሰው በአጭር ጊዜ ብዙዎችን ሊገድልበት እንደሚችል ያስገነዝባሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተወሰኑ ዓይነቶችን የከለከለው የአሜሪካ ሕግ በ2004 ዘመኑ ሲያበቃ አልታደሰም፤ ኒውዚላንድ ግን በ2019 በክራይስትቸርች መስጊዶች 51 ሰዎችን ለሞት ከዳረገው ጥቃት በኋላ፣ በአንድ ወር ውስጥ አብዛኞቹን በሕግ ከልክላ፣ ከዚያም ካሳ እየከፈለች ሰብስባለች። በመሆኑም ባለቤትነትን የሚፈቅድ ሕግ ቢያንስ የባለፈቃዱን ማንነት የሚያጣራና የካዝናውን መጠን የሚወስን ሊሆን ይገባል።