ስለ ክሮም ልባጥ ዓይነቶችና ከገንዳው ስለሚነሣው ጉም

የመኪና ፓራውልት፣ የብስክሌት መሪ ወይም የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ እንደ መስተዋት ሲያበራ የተመለከተ ሰው ሁሉ «ይህ ክሮም ነው» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን በዚህ በአንድ ስም የሚጠሩት ልባጦች በውፍረታቸውም፣ በሚሰጡት አገልግሎትም፣ በሚለብጣቸው ሠራተኛ ላይ በሚያመጡት ጉዳትም እጅግ ይለያያሉ።

ክሮምን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1797 ያገኘው ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሉዊ ኒኮላ ቮክላን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ስሙ «ቀለም» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል ሌላውን ብረት በክሮም መለበጥ በፋብሪካዎች የተስፋፋው ግን በ1920ዎቹ ዓመታት ነው።

ለጌጥ የሚደረገው ልባጥ ከሁሉ የቀጠነ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ማይክሮን አያልፍም፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከዝገት የሚጠብቀው በተለይ ከሥሩ የተለበጠው ኒኬል እንጂ ክሮሙ ብቻውን አይደለም። የክሮሙ ተግባር ኒኬሉ እንዳይደበዝዝና እንዳይጫር መጋረድ ነው። ርካሽ ዕቃ ገዝቶ ከጥቂት ወራት በኋላ የዝገት ነጠብጣብ ያየ ሰው ክሮሙን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኒኬሉ መሳሳት ነው። አይ ኤስ ኦ 1456 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛም ዕቃው በቤት ውስጥ ወይም በዝናብና በጨው መካከል የሚውል መሆኑን እያየ የኒኬሉን ውፍረት ይወስናል፤ ለተራው ክሮም ግን 0.3 ማይክሮን ይበቃዋል ይላል።

«ጠንካራ ክሮም» የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ይህ ለውበት የሚደረግ አይደለም። የቡልዶዘርን ክንድ የሚገፋው ዘንግ፣ የፒስቶን ቀለበትና የማተሚያ ሲሊንደር ቶሎ እንዳይበሉ የሚለበጡት በዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ኒኬል ሳይገባበት በቀጥታ በብረቱ ላይ ይደረጋል፤ ውፍረቱም በአብዛኛው ከ20 እስከ 250 ማይክሮን ይደርሳል። ጥንካሬው በቪከርስ መለኪያ ከ800 እስከ 1000 ሲሆን ለስላሳ ብረት በዚሁ መለኪያ 150 ያህል ነው። የዚህ መመዘኛ አይ ኤስ ኦ 6158 ነው። እጅግ ጽኑ የሆነ ብረት ሲለበጥ ሃይድሮጂን ወደ ውስጡ ስለሚገባና ተሰባሪ ስለሚያደርገው፣ ከልባጡ በኋላ በምድጃ ውስጥ በ190 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ለብዙ ሰዓት እንዲሞቅ ይታዘዛል።

ለጤና ጥበቃ ሠራተኛ ዋናው ነገር ከዚህ ይጀምራል። በተለመደው ገንዳ ውስጥ በአንድ ሊትር 250 ግራም ያህል ክሮሚክ አሲድና 2.5 ግራም ሰልፈሪክ አሲድ ይገኛል። ከሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል ክሮሙን በብረቱ ላይ የሚያሳርፈው ከአምስት እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ውሃውን እየለየ ጋዝ ያወጣል። አረፋው ሲፈነዳ የአሲዱን ጠብታ ወደ አየር ይረጨዋል፤ ጉሙ የሚባለው ይህ ነው። የጌጡ ልባጥ በጥቂት ደቂቃዎች ይፈጸማል፤ ጠንካራው ግን በሰዓት 25 ማይክሮን ያህል ብቻ ስለሚጨምር ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ መሐንዲሱ በወረቀት ላይ የሚጽፈው የውፍረት ቁጥር፣ ገንዳው ስንት ሰዓት ጉም ሲያወጣ እንደሚውልም የሚወስን ነው።

በውጭ አገር ስማር ከመምህራችን ጋር አንድ የልባጥ ፋብሪካ ጎብኝተን ነበር። አንድ አረጋዊ ሠራተኛ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው ልም አጥንት ተበስቶ ሳለ፣ ሐኪም እስከ መረመረው ቀን ድረስ ምንም አላወቀም ነበር። ቁስሉ ስለማያሳምም ብዙዎች እንዲህ ይዘገያሉ። በአሜሪካ ብሉምፊልድና ብለም የተባሉ መርማሪዎች ገና በ1928 ባወጡት ጥናት፣ በአሥር ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከአንድ ሚሊግራም የበለጠ ክሮሚክ አሲድ ዘወትር ቢተነፈስ አፍንጫን እንደሚጎዳ አመልክተው ነበር። በ1990 ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ባለ ስድስት ቫለንስ የክሮም ውሁዶችን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መደባቸው፤ የሚያመጡትም የሳንባ ካንሰር ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሥራ ቦታ የሚፈቀደውን መጠን በ2006 በሜትር ኩብ ከ52 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል።

ሦስተኛው መንገድ ባለ ሦስት ቫለንስ ክሮም ያለበት ገንዳ ነው፤ ለገበያ የቀረበው በ1970ዎቹ ነው። ይህ እንደ ፊተኛው መርዘኛ አይደለም። መልኩ ጥቂት ጠቆር ስለሚል አንዳንድ ገዢዎች ያጉረመርሙበታል፤ ለእኔ ግን ይህ ቅሬታ ከሠራተኛው አፍንጫ ጋር የሚመዛዘን አይመስለኝም። ለወፍራሙ ልባጥ ግን የቀድሞውን ገንዳ መተካት አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2023 የወሰነው ደንብም ይህንኑ ያሳያል፦ በባለ ስድስቱ ገንዳ ለጌጥ መለበጥ ከ2027 መጀመሪያ እንዲቀር ሲል፣ ለጠንካራው እስከ 2039 ጊዜ ሰጥቶታል።

የቀድሞው ገንዳ በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ ጉሙን ከገንዳው ከንፈር ላይ የሚስብ ማራገቢያ፣ የጎማ ጓንትና የዘወትር የአፍንጫ ምርመራ ያስፈልጋሉ። ብርቱካን መልክ ያለው ዝቃጭ ውሃም ወደ ወንዝ አይለቀቅም፤ አስቀድሞ በሶዲየም ባይሰልፋይት አረንጓዴ እስኪሆን ይለወጣል፣ ከዚያም በኖራ ይዘቅጣል።

በቤታችን ያለው ቧንቧ ግን አያስፈራም። በላዩ ያለው ክሮም ብረት እንጂ አሲድ አይደለምና እጅን አይጎዳም። ልባጡ ተልጦ ኒኬሉ በወጣበት ስፍራ ግን ኒኬል የማይስማማው ሰው ቆዳው ሊያሳክከውና ሽፍ ሊልበት ይችላል።