«ማንቂያ ሐረግ» ወይስ «መጥሪያ ሐረግ»?

በድምፅ የሚታዘዙ መሣሪያዎች ትእዛዝ ከመቀበላቸው በፊት የሚጠብቁትን ሐረግ፣ ለምሳሌ «ሄይ ሲሪ»ን፣ «ማንቂያ ሐረግ» ብሎ መተርጎም ይቀናል። ስያሜው ግን አሠራሩን ይሸፍናል። መሣሪያው አይተኛም። በውስጡ ያለ አነስተኛ መለያ ፕሮግራም የአካባቢውን ድምፅ ያለማቋረጥ እየሰማ፣ በሰከንድ መቶኛ እየከፋፈለ፣ ከሐረጉ ድምፆች ቅደም ተከተል ጋር ያመዛዝናል፤ ተመሳሳይነቱ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ብቻ ዋናውን ሥርዓት ያስነሣል። ልኩ ዝቅ ቢል ሳይጠራ አቤት ይላል፤ ከፍ ቢል ተጠርቶ ዝም ይላል።

የሐረጉም ምርጫ ከዚሁ ይመነጫል። «ስማ» አጭር ቢሆንም አይበጅም፤ «ሰማ» እና «ስም» ቀኑን ሙሉ ከአፍ አይጠፉምና። «አምቦ» ቢባል ደግሞ በምግብ ቤት «አምቦ ስጠኝ» በተባለ ቁጥር መሣሪያው ብድግ ይላል። በራሷ በአምቦ ከተማ ችግሩ ይደረባል፤ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ጨዋታ ይፈራረቃሉና፣ መለያው በአንደኛው ቋንቋ ንግግር ብቻ ከሠለጠነ በሌላው ይሳሳታል። በኦሮምኛ «ለፈ» መሬት፣ አናባቢው ሲረዝም «ላፋ» ለስላሳ ነው። በአማርኛ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ጊዜ አመልካች ነው። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ ሐረጉን በጽሕፈት ብቻ መርጦ መጨረስ አይቻልም።

እኛ «መጥሪያ ሐረግ»ን እንመርጣለን። የፍርድ ቤት ወረቀት ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ግን የበር መጥሪያም አለ። «ማንቂያ» ያልነው እንደሆነ፣ ባለቤቱ ዕቃው ተኝቷል ብሎ በፊቱ የቤቱን ምስጢር ያወራል።