የአንድ ቀን ስጦታ ወይስ የዓመታት ደንበኝነት?
የንግድ ድርጅቶችና የባህል ማኅበሮቻችን እንዴት አብረው ሊቆዩ ይችላሉ?

የስግድ በዓል ሲቃረብ በየከተማው የማትናሱ ስልክ ይበዛል። አንዱ ድርጅት ለሠራተኞቹ እስክስታ የሚያሳዩ ልጆች ይጠይቃል፤ ሌላው ለበዓሉ ዳቦና ቡና ይልካል፤ ሦስተኛው ቼክ አስረክቦ ፎቶግራፍ ይነሣል። ክነሴት በ2008 እ.ኤ.አ. ስግድን በሕግ የመንግሥት በዓል ማድረጉ ያስደሰተን ነው፤ የሚያስታውሰንን ሁሉ እናመሰግናለን። ነገር ግን በዓሉ አልፎ ክረምቱ ሲገባ የማሲንቆ አስተማሪው ደመወዝ ከየት ይምጣ? የአዳራሹን ኪራይና ልጆቹን የሚያመላልሰውን አውቶቡስ ማን ይክፈል?

እኛ በየሠፈሩ የምንሠራ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እንሰማለን። አንድ የውዝዋዜ ቡድን በደስታ ይጀመራል፤ ልብስ ይሰፋል፤ ልጆቹ አንድ ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ገንዘቡ ያልቅና ይበተናሉ። ገና እጁ ክራር መያዝ የለመደ ልጅ ተመልሶ ወደ ጎዳናው ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው መጥቶ አዲስ ቡድን እናቋቁም ሲለው አያምነውም፤ ወላጆቹም አያምኑም። ዜማውን የሚያውቁት አዛውንቶችም ዕድሜያቸው አይጠብቀንም። ስለዚህ የምንጎዳው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ልጆቻችን በትልልቅ ሰዎች ቃል ላይ ያላቸው እምነት አብሮ ይጎዳል።

ወላጆቻችን ይህን ነገር በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። በጎንደር ከተማ አጠገብ ባለችው በወለቃ መንደር ሸክላ ይሠሩ የነበሩ እናቶች ደንበኛ ምን እንደ ሆነ ይነግሩናል። ደንበኛ አንድ ቀን ብዙ ገዝቶ የሚጠፋ ሰው አይደለም፤ ተመልሶ የሚመጣ ነው። ሠሪዋም እንደሚመለስ ስታውቅ ጭቃዋን አስቀድማ ታቦካለች፣ ማገዶዋን ታከማቻለች። እድርም እንዲሁ ነው። በሐዘን ቀን የሚደርስልን በየወሩ ስለምናዋጣ ነው። ከንግድ ድርጅቶችም ልንጠይቅ የሚገባን እንዲህ ያለውን ደንበኝነት ነው።

ጥበብ ጊዜ እንደሚፈልግ በዚህ በእስራኤል ያየነው ምሳሌ አለ። ዶክተር ሩት ኤሼል በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከማኅበረሰባችን ከመጡ ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረቱ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2005 «ቤታ» የተባለው ቡድን በሃይፋ ከተማ ተቋቋመ። የትከሻችን ውዝዋዜ የዘመናዊ መድረክ ቋንቋ የሆነው በአንድ የበዓል ምሽት አይደለም። መጀመሪያ ቤት የሚሆን ቦታ፣ ቀጥሎም ዓመታት አስፈልገውታል።

ውሉን በተመለከተ ደግሞ ከውጭ አገር አንድ የታወቀ ምሳሌ እንጥቀስ። በሎንዶን ያለው ቴት ሞደርን የተባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2000 ሲከፈት ዩኒሊቨር የተባለው ኩባንያ በትልቁ አዳራሽ ለሚቀርበው ሥራ ለአምስት ዓመት ወጪ ለመስጠት ተስማማ። ውሉ እየታደሰ እስከ 2012 ቆየ። በ2014 ደግሞ የመኪና ፋብሪካው ሂዩንዳይ ለ11 ዓመት ፈረመ። እርግጥ የሠፈር ማኅበር ከትልቅ ሙዚየም ጋር አይወዳደርም፤ የገንዘቡም መጠን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ልንወስድ የምንችለው ትምህርት ግን ለሁሉም ይሆናል። የዓመቱ ቁጥር አስቀድሞ ከተጻፈ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ ዛሬ ማቀድ ይቻላል።

ታዲያ አንድ የባህል ማኅበር ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ባንክ ወይም ወደ ሱቅ ባለቤት ሲሄድ ምን ይዞ ይሂድ?

አንደኛ፣ ወረቀቱን ያስተካክል። በ1980 በወጣው የዓሙቶት ሕግ መሠረት ሁለት ሰዎችም ቢሆኑ ዓሙታ ማስመዝገብ ይችላሉ። ነገር ግን ድርጅቶች «ኒሁል ታቂን» የተባለውን የመልካም አስተዳደር ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ከዚህም ሌላ የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 46 ፈቃድ አለ። ይህ ፈቃድ ላለው ዓሙታ የሚሰጥ ኩባንያ በሕጉ ወሰን ውስጥ ከስጦታው 23 በመቶ፣ ግለሰብ ደግሞ 35 በመቶ ከሚከፍለው ግብር ይቀነስለታል። ድርጅቱ በለውጡ ስሙ እንዲታወጅለት ከፈለገ ግን ጉዳዩ ስጦታ ሳይሆን የማስታወቂያ ክፍያ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመፈረም በፊት የሂሳብ አዋቂ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ገንዘብ ለብዙ ዓመት ይጠይቅ። በአንድ ጊዜ ከሚሰጥ 15 ሺህ ሸቀል በየዓመቱ 5 ሺህ ለሦስት ዓመት ይሻላል፤ አስተማሪውን ለመቅጠር ያስደፍራልና። ውሉም በጽሑፍ ይሁን፤ ለማቆም የፈለገ ወገን ብዙ ወራት አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ይጻፍበት።

ሦስተኛ፣ ከገንዘብ ሌላ ያለውን አይርሳ። ፋብሪካው ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚቆም አውቶቡስ አለው፤ ባንኩ ሂሳብ የሚያስተምር ሠራተኛ አለው፤ ሱቁ ለእናቶች ጥልፍ የሚሆን መደርደሪያ አለው። ሥራን መግዛትም ከስጦታ ይበልጥ ያስከብራል። ወይዘሮ ሩት ዳያን በ1954 የመሠረቱት «ማስኪት» የተባለው ድርጅት ከየመንና ከሌሎች አገሮች የመጡ ስደተኞችን የእጅ ሥራ ወደ ገበያ ያወጣ ነበር። ድርጅቱ በ1994 ቢዘጋም፣ የስደተኛ እጅ ጥበብ ተገቢውን ዋጋ ሊያወጣ እንደሚችል አሳይቷል።

አራተኛ፣ ሂሳቡን ያሳይ። ስንት ልጆች እንደ ተማሩ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ በየስድስት ወሩ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ሰጪውም መጥቶ ልምምዱን ይይ። የልጆቹን ስም የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ በችግር ዓመት ቶሎ አይተዋቸውም።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ የሚሠራውን ጥበብ የሚወስነው ማኅበሩ ራሱ ይሁን። ልጆቻችን ነጭ ልብስ ለብሰው የሚቆሙ የግብዣ ጌጥ ብቻ እንዲሆኑ የሚፈልግ ድርጅት ካለ በትሕትና እምቢ ማለት ይቻላል። የጸሎት ዜማ ለምሳ ግብዣ አይሆንም፤ ይህን ቄሶቻችንንና ሽማግሌዎቻችንን ጠይቀን በውሉ ላይ አስቀድመን ብንጽፈው ኋላ ቅሬታ አይመጣም።

የንግድ ባለቤቶችንም አንድ ቃል እንላቸዋለን። በሱቃችሁ የሚገዙት፣ በፋብሪካችሁ የሚሠሩት የእነዚህ ልጆች እናቶችና አባቶች ናቸው። የምትረዱት ሩቅ ያለ ችግረኛ አይደለም፤ ጎረቤታችሁ ነው። ከመካከላችሁም ከማኅበረሰባችን ወጥተው ዛሬ የራሳቸውን ንግድ የከፈቱ አሉ፤ የመጀመሪያውን ፊርማ ከእነርሱ ብናገኝ ለሌላው መንገድ ይከፍታል።

ውድ አንባቢያን፣ በሠፈራችሁ የውዝዋዜ፣ የሙዚቃ ወይም የጥልፍ ቡድን ካለ ስግድ እስኪደርስ አትጠብቁ። በዚህ ወር ከማኅበሩ ኮሚቴ ጋር ተቀምጣችሁ የአንድ ዓመት ወጪውን በወረቀት አስፍሩ። ከዚያም ዘወትር ከምትገዙበት ሱቅ ጀምሩ፤ እናንተ ለእነርሱ የቆያችሁ ደንበኞች ናችሁና፣ እነርሱም ለልጆቻችሁ ደንበኛ እንዲሆኑ ለመጠየቅ አትፈሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩ ግን በአንድ ቀን አይፈተልም።