የተጎጂ ጠበቃ፦ ተረቱና እውነታው

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ በገበያ ቀን ሰውና ከብት ከመኪና ጋር ይጋፋበታል። አይሱዙን «አልቃይዳ» ያሰኘው ፍጥነት ደግሞ የታወቀ ነው። ሰው በተገጨ ቁጥር ገበያ ላይም ሆነ ሌላ ቦታ ስለ ጠበቃና ስለ ካሳ የሚወራው ግን ከሕጉ ይርቃል።

«ጎበዝ ጠበቃ አፈ ጮሌ ነው» ይባላል። ፊልም ላይ የምናየው የአሜሪካ ጠበቃ ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆችን በንግግሩ ያስለቅሳል። እኛ ዘንድ የሚመዝነው ዳኛ ብቻ ነው፤ ክሱም መልሱም በጽሑፍ ይቀርባል። ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ቢፈተንም፣ ብዙ ጊዜ የሚያስፈርደው ፋይሉ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው፦ የትራፊክ ፖሊስ ያነሳው የአደጋ ፕላን፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ጉዳቱን በመቶኛ የሚገልጽ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ።

«ደመወዝ የሌለው ገበሬ ምን ካሳ አለው?» የሚለውን ከሁሉም የከፋ እለዋለሁ፤ ተጎጂው ራሱ ያምነዋልና። የጠበቃው ልፋት የሚታየው እዚህ ነው። የይዞታ ደብተሩ የመሬቱን ስፋት ያሳያል፤ ግብርና ጽሕፈት ቤት የአካባቢውን ምርታማነት ይገልጻል፤ የጤፍ ዋጋ ከገበያው ይጣራል፤ ጎረቤት ከአደጋው ወዲህ ማን እንዳረሰለት፣ በምን ያህል እንዳሳረሰ ይመሰክራል። የዘርና የማዳበሪያው ወጪ ሲቀነስ የሚተርፈው ገቢ ከጉዳቱ መቶኛ ጋር ተሰልቶ የወደፊቱ ኪሳራ ይታወቃል። ልኩን በትክክል ማወቅ ካልተቻለ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ይፈቅዳል። ባዶ ፋይል ይዞ ርትዕ የሚጠብቅ ግን ብዙ አያገኝም።

«ሾፌሩ በነጻ ተለቀቀ፤ ካሳውም ቀረ።» አልቀረም። በቁጥር 2149 መሠረት የወንጀል ችሎት ነጻ ማለቱ የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ አያስረውም። ቁጥር 2081 ደግሞ የመኪናውን ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ተጠያቂ ያደርገዋል። ባለቤቱ የሚድነው መኪናው በወቅቱ ተሰርቆ እንደነበር ወይም ጉዳቱ ከተጎጂው ጥፋት ብቻ እንደመጣ ካስረዳ ነው። ገበያ ሲሄድ ለተገጨ እግረኛ ከዚህ የበለጠ ድጋፍ የለም። ባለቤቱ አዲስ አበባ ቢኖርም አደጋው በደረሰበት ቦታ መክሰስ ይቻላል።

ኢንሹራንስ ከከፈለ ነገሩ አለቀ ማለትም ስህተት ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ይህ የመድን ድርጅቱ ጣሪያ እንጂ የባለቤቱ አይደለም። ገጭቶ ለተሰወረ መኪናም የመድን ፈንድ አለ።

«የሽማግሌ ወረቀት ፍርድ ቤት አያውቀውም» እያሉ አውራ ጣታቸውን የሚያሳርፉ አሉ። ያውቀዋል! በአግባቡ የተደረገ ግልግል በቁጥር 3312 መሠረት በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናል። የተሰበረው እግር ድኖ ይራመድበት እንደሆነ ሳይታወቅ ሁሉንም ይቅር ብሎ መፈረም አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። ሰው ሞቶ ከሆነ ደግሞ እርቁ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም።

በሚሊዮን ስለሚቆጠር ካሳ የሚወራው ወሬ ደግሞ ከሩቅ ይመጣል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ላይ 157 ሰዎች ሲያልቁ ቤተሰቦች የአውሮፕላኑን አምራች ቦይንግን የከሰሱት ቺካጎ ላይ ነው። የእኛው የ1952ቱ ሕግ በቁጥር 2116 ለሕሊና ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው፤ በዛሬ ዋጋ ሲታይ ያሳፍራል። ስለዚህ የጠበቃው ትግል በሕክምና ወጪና በቀረ ገቢ ላይ ነው።

ጊዜውም አጭር ነው፤ በመርህ ደረጃ ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ተጎጂ በድህነት ለመክሰስ እንዲፈቀድለት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 467 መሠረት ያመለክታል።