«ወርዷል» ሲሉን፣ ከስንት?

በመተማ ዮሐንስ ገበያ ማሽላ የምትሸምት እናት ነጋዴው «ወርዷል እኮ!» ስላላት ብቻ ብሯን አትፈታም። «ከስንት ወርዶ ነው?» ትለዋለች። ያለፈው ገበያ ዋጋ በልቧ አለና። እኛ ሠልጣኞች ግን በስልክ ዕቃ ስናይ ይህን ጥያቄ እንረሳዋለን። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን «20 በመቶ ቅናሽ» የተባለ ስልክ ገዝተን፣ ቀደም ብሎ ከዚያ ባነሰ ዋጋ ይሸጥ እንደነበር የሰማነው የኪስ ገንዘባችን ካለቀ በኋላ ነው።

ነገሩ በስሌት ሲታይ እንዲህ ነው። 9,500 ብር የነበረ ስልክ 12,000 ተብሎ ይለጠፋል እንበል። ከዚያ 20 በመቶ ይቀነስና 9,600 ይሆናል። ቅናሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ገዢው ከቀድሞው ዋጋ 100 ብር ጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ለመግታት ከግንቦት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ደንብ አለው። ይኸውም ቅናሽ አለ የሚል ነጋዴ፣ ከቅናሹ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲገልጽ ያስገድዳል።

በውጭ አገር የኢንተርኔት መደብሮች ገዢው የሚፈልገውን ዕቃ ሳይገዛ «የምኞት ዝርዝር» ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል። ዋጋ የሚከታተል ፕሮግራም የዕቃውን ገጽ በየጊዜው እየጎበኘ ዋጋውን ከነቀኑ ይመዘግባል፤ ገዢው ከወሰነው በታች ሲወርድ መልእክት ይልካል። የአማዞንን ዋጋ ከሚከታተሉት አንዱ ካሜልካሜልካሜል ይባላል። ስሙ ለቆላ ሰው አይከብድም፤ በእንግሊዝኛ ግመልን ሦስት ጊዜ መጥራት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ግን ብዙው ሻጭ በቴሌግራም ፎቶ ይለጥፍና «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ያልተጻፈ ዋጋ ለማሽን አይነበብም። በመሆኑም መዝጋቢዎቹ ራሳችን ነን፤ የሚያስፈልገውም አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

አንደኛ፣ ዕቃው ባማረን ዕለት ስሙን፣ ዓይነቱን፣ ዋጋውንና ቀኑን እንጻፍ። ሁለተኛ፣ የምንገዛበትን ዋጋ አስቀድመን እንወስን፤ ልባችን ከሞቀ በኋላ የሚወሰን ዋጋ የሻጩ ነው። ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንይ። አራተኛ፣ የማድረሻውን ሒሳብ እንደምር፤ ከአዲስ አበባ ተጭኖ መተማ እስኪደርስ ቅናሹ በመንገድ ሊያልቅ ይችላል።

ዋጋ ለምን እንደሚወርድ ማወቅም ያሻል። በቆላችን ማሽላ ከአጨዳ በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ገደማ ይረክሳል፤ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። ስለዚህ ወቅቱን ጠብቆ መሸመት ይቻላል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ግን የምንዛሪን መንገድ ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት የነበረው የስልክ ዋጋ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ማሽላ በነሐሴ ይረክሳል እንደማለት ነው።

ይህ የኪሳችን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ በገንዳ ውሃ ወይም በኮኪት መቶኛ ስናስተምር፣ ከፊታችን የሚቀመጡት የሰሊጥና የማሽላ ገበሬ ልጆች ናቸው። በየሳምንቱ የገበያውን ዋጋ ጽፈው ቢያመጡና በሰሌዳው ላይ ጭማሪውንና ቅናሹን ቢያሰሉ፣ ስሌቱ ከመጽሐፍ ወጥቶ ቤታቸው ይገባል። አባት ሰሊጡን ሊጭን ሲነሣ፣ ልጁ ደብተሩን ገልጦ «አባባ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ነበር?» ቢለው ትምህርቱ ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ ደብተሩን ዛሬውኑ እንጀምር።