ወይፈኑን ሰጥቶ በሬ መግዛት
የአሜሪካ የቤዝቦል ደጋፊዎች በየጁላዩ የሚጣሉበት ጉዳይ

በዚህ አገር በጁላይ ወር ታክሲ የነዳ፣ ፓርኪንግ የሠራ ወይም ምግብ ቤት ውስጥ ያስተናገደ ኢትዮጵያዊ ይህን ክርክር ሳይሰማው አይቀርም። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ሁለት ጓደኛሞች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይነታረካሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማቸው ሰው የፖለቲካ ጠብ ይመስላል። ጆሮ ሰጥተው ሲያዳምጡ ግን የጠቡ መነሻ ገና ሃያ ዓመት የሞላው፣ በቴሌቪዥን እንኳ ታይቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ነው። አንደኛው «ልጁ ይሰጥና ሰውየው ይምጣልን!» ይላል። ሁለተኛው «ይህን ልጅ የሰጠ ቡድን አሥር ዓመት ያለቅሳል!» ብሎ ይመልሳል። ሒሳብ ከፍለው ሲወርዱም አልተስማሙም።

ነገሩ ለቤዝቦል እንግዳ ለሆነ ሰው ግራ ያጋባል። ለገበሬ ልጅ ግን አዲስ አይደለም። ባገራችን ሐምሌ ገብቶ፣ መሬቱ ርሶ ሳለ አንዱ በሬ የሞተበት ገበሬ ምን ያደርጋል? በረቱ ውስጥ ገና ያልተገራ፣ ሲያዩት ግን የሚያስጎመጅ ወይፈን አለው። ጎረቤቱ ደግሞ ዕድሜው የገፋ፣ ቀንበር የለመደ በሬ አለው። ወይፈኑን ሰጥቶ በሬውን ቢወስድ የዘንድሮው እርሻ አይታጎልም። የከርሞውስ? የአሜሪካ ደጋፊዎች በየዓመቱ የሚጣሉት በዚችው ጥያቄ ነው።

ገበያው እንዴት ይሠራል?

በቤዝቦል ጨዋታውን የሚጀምረውም፣ ብዙ ጊዜ የሚወስነውም ኳስ ወርዋሪው ነው። ጎበዝ ወርዋሪ በቆመበት ዕለት ደካማ የሚባል ቡድን እንኳ ኃይለኛውን ሊረታ ይችላል። አንድ ቡድን በዓመት 162 ግጥሚያ ስለሚያደርግ ጁላይ ላይ ሲደረስ ማን ለዋንጫ እንደሚታገል፣ ማን ተስፋ እንደ ቆረጠ በግልጽ ይታያል። ተስፋ የቆረጠው ሻጭ፣ የሚታገለው ገዢ ይሆናል።

ሻጩ በምላሹ የሚፈልገው በዋነኛነት ገንዘብ አይደለም፤ ወጣት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ትልቅ ቡድን ከሥሩ በትናንሽ ከተሞች የሚጫወቱ፣ ማይነር ሊግ የሚባሉ ቡድኖች አሉት። እዚያ የሚኮተኮት ልጅ ወደ ዋናው ሊግ ካደገ በኋላ ለስድስት ዓመት ያህል የቡድኑ ነው። በነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የሚከፈለውም ከታወቁት ተጫዋቾች ደመወዝ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ተስፋ የተጣለበት ወጣት ማለት በርካሽ የተገዛ የብዙ ዓመት ጉልበት ነው። በአንጻሩ ስም ያለው ወርዋሪ ውሉ ያለቀ እንደሆነ በጥቂት ወር ውስጥ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ይችላል።

የገበያው በር የሚዘጋው ጁላይ መጨረሻ ገደማ ነው። ቀድሞ አንዳንድ ልውውጦች በልዩ ደንብ ኦገስትም ውስጥ ይፈጸሙ ነበር፤ ያ በር ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተዘግቷል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ዲትሮይት፣ ኦገስት 1987

ይህ ክርክር በተነሳ ቁጥር የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። ዲትሮይት ታይገርስ በ1984 የወርልድ ሲሪስ ሻምፒዮን ነበር። በ1987 ግን የዚያ ዋንጫ ተጫዋቾች እያረጁ ሄደው ነበር። በምድቡ ከቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ጋር አንገት ለአንገት ተያይዞ ሳለ አንድ ወርዋሪ ጎደለው። ኦገስት 12 ቀን ከአትላንታ ብሬቭስ ዶይል አሌክሳንደርን አመጣ። ሰውየው 37 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት የቀሩት፣ በርካታ ቡድኖችን ያዳረሰ አንጋፋ ነበር። በምትኩ የተሰጠው የሃያ ዓመት ልጅ ጆን ስሞልትዝ ይባላል።

ስሞልትዝ የሚሺጋን ልጅ ነው። ያደገው ላንሲንግ ከተማ ሲሆን አያቱ በታይገርስ ስታዲዮም የሠሩ ሰው ነበሩ። የልጅነት ሕልሙ ለዲትሮይት መጫወት ነበር። በ1985 ታይገርስ ሲመርጠው ሕልሙ የተፈታ መሰለው። በ1987 በማይነር ሊግ የነበረው ውጤት ግን የሚያኮራ አልነበረም፤ 4 አሸንፎ 10 ተሸንፏል። በዚያን ዕለት ልውውጡን የተቃወመ ደጋፊ ቢኖር እንኳ የሚያቀርበው ማስረጃ አልነበረውም።

አሌክሳንደር የመጣበትን ሥራ ሠራ። ለዲትሮይት በጀመራቸው 11 ግጥሚያዎች 9 ድል ሲያስመዘግብ አንድም ሽንፈት አልነካውም። በየዘጠኙ ኢኒንግ የሚቆጠርበት ነጥብ በአማካይ 1.53 ብቻ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ቶሮንቶ ሰባት ግጥሚያ በተከታታይ ሲሸነፍ ዲትሮይት የመጨረሻዎቹን ሦስት ግጥሚያዎች እዚያው ሜዳው ላይ ቶሮንቶን እየገጠመ እያንዳንዱን በአንድ ነጥብ ብልጫ አሸነፈ። በሁለት ግጥሚያ ልዩነትም የምድቡ አንደኛ ሆነ። በዚያች ሌሊት በዲትሮይት ጎዳናዎች ልውውጡን የሚረግም አልተገኘም።

ደስታው አልዘለቀም። በሊጉ ሻምፒዮና ሚነሶታ ትዊንስ ዲትሮይትን 4 ለ 1 አሰናበተው። አሌክሳንደር በተከታታዩ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ብቻ ተጫወተ፤ በመጨረሻው በ1989 6 አሸንፎ 18 ተሸነፈ። ቡድኑም በዚያ ዓመት 103 ግጥሚያ ተሸንፎ የመጨረሻ ሆነ።

የተሰጠው ልጅ

አትላንታ የገባው ስሞልትዝ ልቡ ተሰብሮ ነበር። ሆኖም አዲሱ ቡድን ታገሠው፣ አስተማረው፣ በሚቀጥለው ዓመትም ወደ ዋናው ሊግ አሳደገው። በ1991 በወርልድ ሲሪስ የመጨረሻ ግጥሚያ ላይ ሲቆም ከፊቱ ያገኘው ወርዋሪ የልጅነት ጀግናው ጃክ ሞሪስ ነበር። ሞሪስ ቀድሞ የዲትሮይት፣ በዚያ ዓመት የሚነሶታ ተጫዋች ነው። ሚነሶታ በአሥር ኢኒንግ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም ልጁ ከሰባት ኢኒንግ በላይ አንድ ነጥብ ሳያስገባ መቆየቱን ያየ ሁሉ መሰከረለት።

አትላንታ በ1995 ወርልድ ሲሪስን ወሰደ። በ1996 ስሞልትዝ 24 አሸንፎ 8 በመሸነፍ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሸለመውን ሳይ ያንግን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ዲትሮይት 109 ግጥሚያ ተሸነፈ። ስሞልትዝ በጠቅላላው 213 ድል አስመዝግቧል። ክንዱ ታሞ ከተቀደደ በኋላም ሌላ ሥራ ተምሮ መጨረሻ ላይ እየገባ 154 ግጥሚያዎችን ለቡድኑ አስጠብቋል። በ2015 ሆል ኦፍ ፌም ገባ። ዲትሮይት ወደ ዋንጫው ውድድር የተመለሰው በ2006፣ ማለትም ከ19 ዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት የተፈጸመ ይመስላል። የወጣቱ ወገን የሆኑ ደጋፊዎች ሁሉ ክርክራቸውን «ስሞልትዝን አስታውሱ» በማለት የሚዘጉት ለዚህ ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ»

የሌላው ወገን ክርክርም ባዶ አይደለም። ለእያንዳንዱ ስሞልትዝ ስማቸው የተረሳ ብዙ ወጣቶች አሉ። በ2008 ሚልዋኪ ብሩወርስ ከ1982 ወዲህ ለዋንጫው ውድድር ደርሶ አያውቅም ነበር። በጁላይ ከክሊቭላንድ ሲሲ ሳባቲያን አመጣ። የተሰጠው ዋነኛ ወጣት ማት ላፖርታ ኃይለኛ መቺ ይሆናል ተብሎ ነበር። ሳባቲያ 11 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ። መጨረሻ ላይም በቂ ዕረፍት ሳያገኝ እየደጋገመ በመወርወር ከተማው 26 ዓመት የጠበቀውን ደጅ አስከፈተ። ሚልዋኪ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ፤ ሳባቲያም ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ ኮበለለ። ያም ሆኖ የሚልዋኪ ሰው ዛሬም ያንን ዓመት በፍቅር ያነሳዋል። ላፖርታ የተባለለትን ያህል ሳይሆን ቀረ። የሚገርመው፣ በዚሁ ልውውጥ ስሙ ኋላ ላይ የተጨመረው ማይክል ብራንትሊ ግን የክሊቭላንድ ኮከብ ሆነ። ሻጩም ገዢውም ከሁለቱ የትኛው እንደሚያፈራ ለይተው አላወቁም ነበር።

ዲትሮይትም በተራው ሻጭ የሆነበት ቀን መጣ። ኦገስት 31 ቀን 2017 የገበያው በር ሊዘጋ ሴኮንዶች ሲቀሩት የ34 ዓመቱን ጀስቲን ቨርላንደርን ለሂዩስተን አስትሮስ ሰጥቶ ሦስት ወጣቶች ተቀበለ። ቨርላንደር ከሂዩስተን ጋር በዚያው ዓመት ወርልድ ሲሪስን ወሰደ። ያ ድል የተጋጣሚን ምልክት በመስረቅ ቅሌት በኋላ ስሙ ጎድፏል። ሰውየው ግን ከዚያም በኋላ በ2019 እና በ2022 ሳይ ያንግን አሸነፈ። ከሦስቱ ወጣቶች ብዙ የተወራለት ወርዋሪ ፍራንክሊን ፔሬዝ በጉዳት ላይ ጉዳት ተደራርቦበት ለዲትሮይት ዋና ቡድን አንድም ቀን ሳይሰለፍ ቀረ። በ1987 ወጣት ሰጥቶ የተጸጸተው ከተማ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወጣት ተቀብሎ ተጸጸተ።

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንባቢያንም ይህን ያውቁታል። ናሽናልስ በ2019 ዋንጫ ያስገኘለትን ወርዋሪ ማክስ ሸርዘርን፣ ከትሬይ ተርነር ጋር፣ በጁላይ 2021 ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሰጥቶ አራት ወጣቶች ተቀብሏል።

ልጁን ማን ጠየቀው?

በዚህ ሁሉ ንትርክ መካከል አንድ ሰው ይረሳል፤ እሱም የሚለወጠው ራሱ ነው። በ1969 የሴንት ሉዊሱ ከርት ፍለድ ወደ ፊላደልፊያ ተለውጠሃል ሲባል «እኔ የሚሸጥ የሚለወጥ ዕቃ አይደለሁም» ብሎ እምቢ አለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 5 ለ 3 ተፈረደበት። እሱ ከሥራው ቀረ፤ የከፈተው መንገድ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሌሎች ጠቀመ። ዛሬ ውሉን የጨረሰና በቂ ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ወደፈለገው ቡድን ይሄዳል። በዋናው ሊግ አሥር ዓመት ያገለገለና የመጨረሻውን አምስት ዓመት በአንድ ቡድን ያሳለፈ ደግሞ ልውውጥን እምቢ የማለት መብት አለው። ቨርላንደር ይህ መብት ስለነበረው ፈቃዱ ተጠይቋል።

የሃያ ዓመቱ ልጅ ግን አይጠየቅም። ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ያዘጋጃል፣ ወደማያውቀው ከተማ ይሄዳል። ሳይጠየቅ አገር መቀየር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ለልጁ ቢያዝን አይፈረድበትም።

ታዲያ ማን ልክ ነው? ዳኝነቱ አስቸጋሪ የሚሆነው ሰው ሁሉ የሚፈርደው መጨረሻውን ካየ በኋላ ስለሆነ ነው። የ1987 የዲትሮይት ሰዎች ከፊታቸው የነበረው የሚያረጅ ቡድን፣ የሚሸሽ ዕድልና 10 የተሸነፈ ልጅ ነበር። በሬ ፈልገው በሬ አገኙ፤ መሬታቸውም ታረሰ። የተሳሳቱት በሬውን በመግዛታቸው ሳይሆን ወይፈኑን ሳይመዝኑ በመስጠታቸው ነው የሚሉ አስተዋይ ደጋፊዎች አሉ። በበረት ካሉት ወይፈኖች የትኛው እንደሚሰጥ ማወቅ ከመግዛቱ ይልቅ ከባድ ነው።

በሚቀጥለው ጁላይ ሁለት ሰዎች ከኋላ ወንበር ሲነታረኩ የሰማ ሾፌር በመስታወቱ ውስጥ እያያቸው አንድ ጥያቄ ሊጥልላቸው ይችላል፦ «ለመሆኑ የምትሰጡት ልጅ ስሞልትዝ ነው ወይስ ላፖርታ?» መልሱን ሁለቱም አያውቁትም። ንትርኩም መድረሻቸው ድረስ ይቀጥላል።