"ቸኮሌት ሲስት አለሽ፣ ኦፕራሲዮን ግቢ" ተባላችሁ? ከመፈረማችሁ በፊት

በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ነገሮች ውስጥ አንዱ የአልትራሳውንድ ወረቀት ፎቶ ነው። ከሥሩ ደግሞ "ዶክተር፣ ኦፕራሲዮን ግቢ ተባልኩ፣ ልግባ?" የሚል ጥያቄ አለ። በፎቶ አይቼ ግቢ ወይም አትግቢ ማለት አልችልም። ከመግባታችሁ በፊት ምን ማወቅ እንዳለባችሁና ማን ጋር መሄድ እንዳለባችሁ ግን ልንገራችሁ።

በሽታው ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጪ ሲበቅል ማለት ነው፤ እንቁልጢ ላይ፣ ቱቦ ላይ፣ ከማህፀን ጀርባ፣ አንዳንዴም አንጀትና የሽንት ፊኛ ላይ። ይህ ህዋስ በየወሩ ይቆጣል፣ ይደማል፣ ደሙ ግን መውጫ የለውም። ስለዚህ ጠባሳ ይሠራል፣ የሆድ ዕቃን እርስ በርስ ያጣብቃል። እንቁልጢ ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየው ደም መልኩ የቀለጠ ቸኮሌት ስለሚመስል ነው "ቸኮሌት ሲስት" የተባለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷን ገደማ ያጠቃል።

ችግሩ እስኪታወቅ ዓመታት ያልፋሉ። ቤት ውስጥ "ስትወልጂ ይተውሻል" ይባላል። ህክምና ስትሄድ ሽንትና ሰገራ ይታያል፣ አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ የማህፀን ኢንፌክሽን ተብላ አንቲባዮቲክ ይዛ ትመለሳለች። ስለዚህ ህመማችሁ ከወር አበባ ጋር የሚመጣ፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት የሚያስቀር፣ በግንኙነት ጊዜ ወይም ሰገራ ስትቀመጡ የሚብስ ከሆነ ለሐኪሙ ይህንኑ በግልጽ ንገሩት። "ሆዴን ያመኛል" ብቻ ካላችሁት እንደገና ወደ ሰገራ ምርመራ ነው የሚልካችሁ።

አሁን ወደ ቀዶ ጥገናው። ድሮ በሽታውን ለማረጋገጥ ብቻ ተብሎ ሆድ በካሜራ ይታይ ነበር። የአውሮፓ የመካንነት ህክምና ማህበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህ አስተሳሰብ ተቀይሯል። ምልክቱና አልትራሳውንዱ ወይም ኤምአርአዩ የሚያሳምን ከሆነ ሳይቀደዱ መድኃኒት መጀመር ይቻላል። መድኃኒቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ፒልስ፣ የ3 ወር መርፌ፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በየጤና ጣቢያው በነጻ ታገኛላችሁ። "ያላገባች ልጅ ፒልስ ከወሰደች ትመክናለች" የሚባለው እውነት አይደለም። መርፌው ካቆማችሁ በኋላ እርግዝናን ለወራት ሊያዘገይ ስለሚችል በቅርቡ መውለድ ለምትፈልግ አይመረጥም፤ ፒልሱንም ደም ግፊት ወይም ኃይለኛ ማይግሬን ያለባት ሴት ሳትመረመር አትጀምር።

ታዲያ ቀዶ ጥገና ለማን ነው? መድኃኒት ሞክራ ህመሙ ላልለቀቃት፣ መድኃኒቱ ለማይስማማት፣ ሲስቱ ትልቅ ለሆነ ወይም መልኩ ለሚያጠራጥር፣ አንጀቷ ወይም ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደው ቱቦዋ ለታፈነ፣ እንዲሁም ልጅ ፈልጋ እምቢ ላላት ለአንዳንዷ። በኦፕራሲዮን ወልዳ ጠባሳው ላይ በየወሩ የሚያብጥና የሚያም እብጠት ያላት ሴትም አለች። የእሷ ቀላል ነው፤ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይገላገሏታል።

ቸኮሌት ሲስት ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነውና። ሲስቱን በሁለት መንገድ መንካት ይቻላል። አንደኛው ወግቶ ፈሳሹን ማፍሰስ ነው። ቀላልና ፈጣን ነው፣ ሽፋኑ ግን እዚያው ስለሚቀር ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። ሁለተኛው ሽፋኑን ከእንቁልጢው ላይ ልጦ ማውጣት ነው። ህመምንም መመለሱንም የሚቀንሰው ይሄ ነው። ዋጋ ግን አለው፤ ሽፋኑ ሲላጥ ጤነኛ የእንቁልጢ ክፍልም አብሮ ይወጣል፣ ደም ለማቆም ሲባል የሚተኮሰውም ቦታ ይጎዳል። እንቁላል ደግሞ ተፈጥሮ አንዴ የሰጠችን ነው፣ አይተካም። በሁለቱም በኩል ሲስት ያላት ወይም ከዚህ በፊት የተሠራላት ሴት ላይ ጉዳቱ ይበልጣል። ስለዚህ መውለድ የምትፈልጉ ከሆነ ከቀዶ ጥገናው በፊት የእንቁላል ክምችትን የሚያሳየውን ኤኤምኤች የሚባል የደም ምርመራ ጠይቁ። ውጤቱ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ወይም ዕድሜያችሁ ገፋ ካለ፣ ቀዶ ጥገናውን ትቶ በቀጥታ ወደ አይቪኤፍ መሄድ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

እዚሁ ጉለሌ ያለው ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ህክምና ማዕከል ከፍቷል፤ በመንግሥት ደረጃ አይቪኤፍ የጀመረው የመጀመሪያው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ምርጫው የግል ክሊኒክ ወይም ውጪ ሀገር ነበር። ወረፋው ቀላል ነው አልላችሁም። ግን ለአንዲት ሲስት ላለባት ሴት "ቀዶ ጥገና ይቅደም ወይስ አይቪኤፍ?" የሚለውን ጥያቄ ሁለቱንም የሚያውቅ ሐኪም ሲመልሰው ይለያል። ቀዶ ጥገና ብቻ የሚሠራ ሰው ቀዶ ጥገና ነው የሚታየው፤ ሰው ነው።

"ማህፀኑ ይውጣና ትገላገል" የሚባለውስ? ኢንዶሜትሪዮሲስ ከማህፀን ውጪ ያለ በሽታ ነው። ማህፀን ወጥቶ በሽታው አንጀትና እንቁልጢ ላይ ከቀረ ህመሙም ይቀራል። ወልዳ ለጨረሰች፣ ሌላው ሁሉ ላልሠራላት ሴት አማራጭ ሊሆን ይችላል፣ ያውም የሚታየው በሽታ አብሮ ከወጣ። ለ25 ዓመት ልጅ እንደ መጀመሪያ መፍትሄ ከቀረበ ግን ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሌላ ሐኪም ጋር ሂዱ።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ ይህን ቀዶ ጥገና አልሠራም። የኔ ድርሻ ትክክለኛው ሰው ጋር ማድረስ ነው። ትክክለኛው ሰው ማለት የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት፣ ከተገኘም በመካንነት ወይም በላፓራስኮፒ ተጨማሪ ስልጠና የወሰደ ነው። ሁሉም የማህፀን ሐኪም ይህን በሽታ በብዛት አይሠራም፤ ብዙዎቹ ቀናቸውን የሚያሳልፉት ማዋለጃ ክፍል ነው። ስለዚህ አትፈሩ፣ በአክብሮት ጠይቁ። "ዶክተር፣ ሲስቱን የሚያፈሱት ነው ወይስ ከነሽፋኑ የሚያወጡት?" በሉ። "ይህን በሽታ በወር ምን ያህል ይሠራሉ?" በሉ። "አንጀት ላይ ተጣብቆ ቢያገኙት አብሮዎት የሚገባ የአንጀት ቀዶ ሐኪም አለ?" ማለትም ነውር አይደለም። ይቺ የመጨረሻዋ በተለይ ሰገራ ሲቀመጡ ለሚያማቸው ሴቶች ወሳኝ ናት። ጥሩ ሐኪም በነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። ከተቆጣ እሱም መልስ ነው።

ላፓራስኮፒ ይሻላል ወይ ለምትሉ፣ አዎ፣ ይሻላል። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይነሳሉ፣ ሐኪሙም በካሜራ አጉልቶ ያያል። መሣሪያው ግን በሁሉም ሆስፒታል የለም፣ ቢኖርም ሁሌ አይሠራም። በኔ አስተያየት ልምድ ያለው ሐኪም ሆድ ከፍቶ የሚሠራው፣ መሣሪያውን ገና እየለመደ ያለ ሰው በላፓራስኮፒ ከሚሠራው ይሻላል። ማሽኑን ሳይሆን እጁን ፈልጉ።

ስትሄዱ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካርድ ያላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ሳትይዙ ጳውሎስ በር ላይ ብትቆሙ ከኪስ መክፈል ሊመጣ ይችላል። የቆዩ አልትራሳውንዶችን፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ስም፣ የ2 ወይም 3 ወር የህመም ቀኖችን የጻፋችሁበት ደብተር ያዙ። ደብተሯ ከምታስቡት በላይ ትረዳለች።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ "ወጣልኝ፣ አለቀ" ብሎ መጥፋት የለም። ምንም መድኃኒት ካልተወሰደ በ5 ዓመት ውስጥ ከ40 እስከ 50 በመቶ በሚሆኑት ሴቶች ላይ ይመለሳል። ወዲያው ለማርገዝ የማትፈልግ ሴት ፒልሱን ወይም ሉፑን መቀጠል አለባት። ማርገዝ የምትፈልግ ደግሞ ጊዜ ሳታጠፋ ትሞክር፤ ሆርሞኑ እየተወሰደ እርግዝና አይመጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ሆስፒታሎቻችን የወጣውን ናሙና ወደ ላብራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው። ባል፣ እህት፣ ማንም የሚያስታምማችሁ ሰው ብልቃጡን ተቀብሎ የዚያኑ ቀን ያድርስ፣ ውጤቱንም ተከታትሎ ያምጣ። እኛ ሀገር የማህፀን ቲቢ መካንነትም የሆድ ህመምም ያመጣል፣ ሆድ ሲከፈትም መልኩ ሊያሳስት ይችላል፤ ሕክምናው ግን የ6 ወር የቲቢ መድኃኒት ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ቸኮሌት ሲስት የመሰለው ካንሰር ሆኖ ይገኛል። የሚለየው በዚያ ወረቀት ነው። ውጤቱን ስትቀበሉ ሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱን ቤት አስቀምጡ፣ ዋናውን ለሠራችሁ ሐኪም አሳዩ።